የፍራንክ ዎረል ታሪክ፥ የተመልካችም ፍርድ

ጨዋታ ሁለት ዓይነት ሰዎችን ይሰበስባል፤ እነርሱም የሚጫወቱትና የሚያዩት ናቸው። የሚጫወተው በጉልበቱና በጥበቡ ይደክማል፤ የሚያየው ግን ተቀምጦ በአንደበቱ ይፈርዳል። ትናንት ያመሰገነውን ዛሬ ይነቅፋል፤ ጧት ሰነፍ ያለውን ማታ ጀግና ይለዋል። ከሜዳው ከወጣም በኋላ በየመንገዱና በየመጠጥ ቤቱ፥ በየጋዜጣውም ላይ ማን እንደሚሻል፥ ማንስ ሊሾም እንደሚገባው ሲከራከር ይውላል። እንዲህ ያለው ክርክር አንዳንድ ጊዜ ከንቱ ልፍለፋ ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ የተገፋውን ሰው ወደሚገባው ስፍራ ያደርሰዋል። ይህም ነገር በክሪኬት ጨዋታ ስሙ በተጠራው በፍራንክ ዎረል ሕይወት ተገልጦ ይታያል። በዚህ ታሪክ የተጻፈው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ክሪኬት ከእንግሊዝ አገር የወጣ ጨዋታ ነው። እንደ ገና ጨዋታ ዱላና ኳስ አለበት፤ ሥርዓቱ ግን ሌላ ነው። በአንዱ ወገን አሥራ አንድ፥ በሌላውም ወገን አሥራ አንድ ሰዎች ይሰለፋሉ። በሜዳው መካከል በሁለት ስፍራ ሦስት ሦስት ችካሎች ይተከላሉ። ወርዋሪው ጠንካራውን የቆዳ ኳስ ወደ ችካሉ ይወረውራል፤ መቺው ደግሞ በጠፍጣፋ እንጨት ኳሱን እየመታ ችካሉን ይጠብቃል። ኳሱን ካራቀው ከባልንጀራው ጋራ በሁለቱ ችካሎች መካከል ይሮጣል፤ እያንዳንዱም ሩጫ ተቈጥሮ ለወገኑ ይጻፍለታል። ኳሱ ችካሉን የነካበት፥ ወይም የመታው ኳስ መሬት ሳይደርስ የተያዘበት፥ ወይም ሲሮጥ ሳይደርስ ችካሉ የፈረሰበት መቺ ይወጣል፤ ሌላውም በስፍራው ይገባል። አሥሩ ሲወጡ የዚያ ወገን ተራ ያልቃል። አገር ከአገር ጋራ የሚገጥምበት ታላቁ ግጥሚያ ቴስት ይባላል፤ እያንዳንዱ ወገን ሁለት ተራ ስለሚመታም ብዙ ቀን ይፈጃል። ስለዚህ ጉልበት ብቻ ሳይሆን ትዕግሥትና ዘዴ ይፈለግበታል፤ ተመልካቹም ለመከራከር ሰፊ ጊዜ አለው።

ፍራንክ ዎረል በኦገስት 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በባርቤዶስ ደሴት ተወለደ። ባርቤዶስ ከምዕራብ ሕንድ ደሴቶች አንዷ የሆነች ትንሽ አገር ናት፤ በዚያን ጊዜም በእንግሊዝ ግዛት ሥር ነበረች። አብዛኛው ሕዝቧ ከአፍሪቃ ተማርከው በሸንኰራ አገዳ እርሻ ከሠሩ ባሮች የተወለደ ነው። በእንግሊዝ ግዛቶች የባርነት ሕግ የተሻረው በኦገስት 1 ቀን 1834 ስለ ነበረ፥ ዎረል የተወለደው ከዚያ ቀን ልክ በ90 ዓመቱ ነው። ባርነት ቢቀርም የቀለም ልዩነት አልቀረም ነበር። የክሪኬት ማኅበሮች እንኳ በቀለምና በማዕረግ የተለዩ ነበሩ፤ ነጮቹ ለብቻቸው፥ ጥቁሮቹም እንደየኑሯቸው ለየብቻቸው ማኅበር ነበራቸው።

ወላጆቹ ወደ አሜሪካ ስለ ሄዱ ዎረልን ያሳደገችው አያቱ ናት። ቤታቸው በክሪኬት ሜዳ አጠገብ ነበረና ሕፃኑ ከደጁ ሲወጣ የሚያየው ጨዋታውን ነበረ። ትምህርቱን በኮምበርሚር ትምህርት ቤት ተማረ። ገና 18 ዓመት ሳይሞላው ለባርቤዶስ ተሰለፈ። መጀመሪያ የተመረጠው በግራ እጁ ቀስ እያደረገ መወርወር ስለሚያውቅ ነበረ፤ ኋላ ግን በመምታት በለጠ። በ1944 ከትሪኒዳድ ጋራ ሲጋጠሙ 308 ሩጫ አስቈጥሮ ሳይወጣ ቀረ። በ1946 ደግሞ ከክላይድ ዎልኮት ጋራ ሆኖ፥ ሁለቱም ሳይወጡ፥ 574 ሩጫ በአንድነት አስቈጠሩ። ዎረልና ዎልኮት፥ ሦስተኛውም ኤቨርተን ዊክስ፥ በአንዲት ከተማ አቅራቢያ በ18 ወር ውስጥ የተወለዱ ናቸው። በእንግሊዝኛ የሦስቱም ስም በአንድ ፊደል ስለሚጀምር ተመልካቾች ሦስቱ ደብልዩዎች ብለው ሰየሟቸው። ከሦስቱ ማን ይበልጣል የሚለውም ክርክር በደሴቶቹ ሁሉ ሳያልቅ ኖረ። አንዱ የዎልኮትን ጉልበት፥ ሌላው የዊክስን ፍጥነት፥ ሌላውም የዎረልን የአመታት ውበት ያመሰግን ነበር።

ነገር ግን ስሙ የገነነ ሰው ከሐሜት አያመልጥም። ዎረል ረጋ ያለና ያመነበትን የማይለቅ ወጣት ስለ ነበረ፥ በባርቤዶስ ያሉ ብዙ ሰዎች ትዕቢተኛ ነው እያሉ ያሙት ጀመር። ደሴቲቱ ትንሽ ናትና ወሬ ከዳር እስከ ዳር ለመድረስ ቀን አይፈጅበትም። ወለም ያለ አፍም በቅቤ አይታሽም። ዎረል ግን ለተናገረው ሁሉ መልስ መስጠት ትቶ በ1947 ወደ ጃማይካ ሄዶ ተቀመጠ።

በ1948 እንግሊዞች ወደ ምዕራብ ሕንድ ደሴቶች በመጡ ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ በቴስት ተሰለፈ። በመጀመሪያው ተራ 97 አስቈጥሮ ወጣ፤ መቶ ለመሙላት ሦስት ብቻ ቀረው። በሚቀጥለው ግጥሚያ ግን 131 አስቈጥሮ ሳይወጣ ቀረ። ከዚያ በኋላ ወገኑ ወደ ሕንድ አገር ሊሄድ ሲዘጋጅ ዎረል ለድካሙ ተገቢ ዋጋ ጠየቀ፤ አስተዳዳሪዎቹም ስላልፈቀዱለት ሳይሄድ ቀረ። በዚያ ዘመን ሀብት ያላቸው ሰዎች ለክብር ብቻ ይጫወቱ ነበርና ድሀው ዋጋ ሲጠይቅ እንደ ነውር ይቈጠር ነበር። ያለ ስንቅ ግን የሚዘምት የለም። ዎረልም ወደ እንግሊዝ አገር ተሻግሮ፥ በላንክሻየር አውራጃ ለራድክሊፍ ማኅበር በደመወዝ ይጫወት ጀመር። ከልዩ ልዩ አገር ከተሰበሰቡ ተጫዋቾችም ጋራ ወደ ሕንድ አገር ተጕዞ ተጫወተ። በ1950 እና በ1951 መካከል ባደረጉት ጕዞ የዚያ ወገን አለቃ በታመመ ጊዜ ዎረል በስፍራው ተተክቶ፥ ነጮችም ጥቁሮችም ያሉበትን ጭፍራ መራ።

በ1950 በጋ የምዕራብ ሕንድ ሰዎች እንግሊዝን በአገሯ አራት ጊዜ ገጠሙ። የመጀመሪያውን ተሸነፉ። በሁለተኛው፥ በሎንዶን ከተማ በሎርድስ ሜዳ፥ በ326 ሩጫ አሸነፉ። በእንግሊዝ ምድር ቴስት ሲያሸንፉ ይህ የመጀመሪያቸው ነበረ። በሦስተኛው ግጥሚያ በኖቲንግሃም ዎረል 261፥ በአራተኛውም በሎንዶን 138 አስቈጠረ፤ ሁለቱንም ድል ስላደረጉ ፍጻሜው 3 ለ 1 ሆነ።

በዚያን ጊዜ ሥራ ለመፈለግ ከደሴቶቹ የተሻገሩ ብዙ ሰዎች በእንግሊዝ አገር ነበሩ። ብርዱ ይከብዳቸው ነበር፤ ቤት ለመከራየት ሲጠይቁ እንኳ በቀለማቸው ምክንያት ይከለከሉ ነበር። በሎርድስ ድል በሆነ ጊዜ ከእነርሱ አያሌዎቹ ወደ ሜዳው ወርደው እየዘፈኑ ዞሩ። ለሌላው ሰው ነገሩ የጨዋታ ወሬ ነበረ፤ ለእነርሱ ግን በሰው አገር ቀና ብሎ የመሄጃ ምክንያት ሆነላቸው። ስለዚህ ሰው ስለ ጨዋታ አጥብቆ ሲናገር በሰሙት ጊዜ ከቃሉ በታች ሌላ ነገር ተሰውሮ እንዳለ ማስተዋል ይገባል።

የምዕራብ ሕንድ ወገን ቴስት መጫወት የጀመረው በ1928 ነበረ። ከዚያ ጀምሮ ብዙ ሩጫ የሚያስቈጥሩት፥ በብርቱም የሚወረውሩት ጥቁሮች ሆነው ሳለ፥ የአለቃነቱ ሹመት ለነጮችና በመልክም በኑሮም ለነጮች ለቀረቡት ተጠብቆ ኖረ። ጆርጅ ሄድሊ የሚባለው ታላቅ ጥቁር መቺ በ1948 አለቃ የሆነው ለአንድ ግጥሚያ ብቻ ነበረ። በአለቃነት የተሾሙት ሁሉ ክፉዎች ወይም ሰነፎች አልነበሩም፤ ነገር ግን ሲመረጡ አስቀድሞ የሚታየው ወገናቸው እንጂ ችሎታቸው አልነበረም። ጥቁር ሰው መታዘዝ እንጂ ማዘዝ አይችልም የሚል አሳብ በብዙዎች ልብ ተቀብሮ ይኖር ነበር። ተቀብሮ የሚኖር አሳብም በግልጥ ከሚነገረው ይልቅ ለመንቀል ያስቸግራል።

ዎረል በዚህ ሁሉ መካከል ሥራውን አላቋረጠም። በ1957 በኖቲንግሃም ሜዳ ከመጀመሪያ ገብቶ፥ ባልንጀሮቹ አንድ በአንድ ወጥተው ሲያልቁ፥ እርሱ 191 አስቈጥሮ ሳይወጣ ቀረ። ደግሞም የተጫዋች ዘመን አጭር እንደ ሆነ ዐውቆ በማንቼስተር ዩኒቨርሲቲ ተማረ፤ ዲግሪም ተቀበለ። ለሹመት ባልተጠራበት ጊዜ ለሹመት የሚያበቃውን ዕውቀት ይሰበስብ ነበር።

በጃንዋሪ 30 ቀን 1960 በትሪኒዳድ ዋና ከተማ በፖርት ኦፍ ስፔን 30,000 ያህል ሰው ከእንግሊዝ ጋራ የሚደረገውን ቴስት ለማየት ተሰብስቦ ነበር። የምዕራብ ሕንድ ወገን አለቃ ጄሪ አሌክሳንደር የሚባል በእንግሊዝ አገር የተማረ የጃማይካ ሰው ነበረ። ቀኑ ለአገሩ ሰዎች ክፉ ሆነ፤ በ98 ሩጫ ስምንት ሰው ወጣባቸው። ስምንተኛው ቻራን ሲንግ የዚያው ደሴት ልጅ ነበረ፤ ሲሮጥ ችካሉ ስለ ፈረሰበት ዳኛው መውጣቱን ፈረደ። ወዲያው ከተመልካቾቹ መካከል ጠርሙስ ይወረወር ጀመር፤ ሕዝቡም ወደ ሜዳው ገባ፤ የዚያም ቀን ጨዋታ ተቋረጠ። የዳኛው ፍርድ ትክክል ነበረ። ነገር ግን ሕዝቡ በልቡ ብዙ ቂም አከማችቶ ነበርና አንድ ትንሽ ነገር አፈነዳው።

በዚያው ዘመን በትሪኒዳድ ሲ ኤል አር ጄምስ የሚባል ጸሐፊ ነበረ፤ ዘ ኔሽን የሚባለውንም ጋዜጣ ያዘጋጅ ነበር። ጄምስ የተመልካቹን ክርክር ከመንገድ አንሥቶ ወደ ጋዜጣ አገባው። ዎረል ብዙ ልምድ ያለው፥ በልዩ ልዩ አገር የተፈተነ፥ ሰውንም መምራት የሚችል ሆኖ ሳለ የሚታለፍበት ምክንያት ምን እንደ ሆነ እየጠየቀ፥ ለአለቃነት የሚገባው እርሱ መሆኑን በምክንያት እያስረዳ ደጋግሞ ጻፈ። ሕዝቡም ያነበው ነበር። የተወረወረው ጠርሙስ ጨዋታ ከማቋረጥ በቀር አንዳች ነገር አላቀናም፤ በምክንያት የተጻፈው ቃል ግን ጕዳዩ እንዳይድበሰበስ አደረገ። ሁለቱም ከአንድ ቁጣ የወጡ ናቸው፤ ፍሬያቸው ግን አንድ አይደለም።

በዚያው ዓመት ዎረል ወደ አውስትራልያ ለሚደረገው ዘመቻ አለቃ ሆኖ ተመረጠ። ለአንድ ግጥሚያ ሳይሆን ለሙሉ ዘመቻ የተሾመ የመጀመሪያው ጥቁር አለቃ እርሱ ነው። ዕድሜው 36 ዓመት ሆኖ ነበር። ሸክሙም ከባድ ነበር፤ ሌላ አለቃ ቢሸነፍ ጥፋቱ የራሱ ብቻ ይሆናል፥ ዎረል ቢሸነፍ ግን ብዙዎች የቀለሙ ጥፋት ነው ሊሉ ተዘጋጅተው ነበር። ተጫዋቾቹም የባርቤዶስ፥ የጃማይካ፥ የትሪኒዳድና የጋያና ሰዎች ነበሩና እንደየአገራቸው ተለይተው መቀመጥን የለመዱ ነበሩ። ዎረል ከሁሉ በፊት እነዚህን አንድ ለማድረግ ሠራ። ድምፁን ከፍ አያደርግም፤ የሳተውን በሰው ፊት አያዋርድም ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ጄሪ አሌክሳንደር ሳይነገር ማለፍ አይገባም። ሹመቱን ያጣ ሰው ብዙ ጊዜ የተተኪውን ውድቀት ይጠባበቃል። እርሱ ግን አለቃ በነበረበት ወገን ተራ ሰው ሆኖ፥ ከችካሉ ኋላ እየቆመ፥ ለዎረል በታማኝነት ታዘዘለት። በአውስትራልያም በተደረጉት አምስት ቴስቶች በአማካይ ከወገኑ መቺዎች ሁሉ የበለጠ ሩጫ ያስቈጠረ አሌክሳንደር ነው።

የመጀመሪያው ቴስት በዲሴምበር 9 ቀን 1960 በብሪዝበን ከተማ ተጀመረ። የምዕራብ ሕንድ ሰዎች በመጀመሪያው ተራ 453፥ አውስትራልያውያን 505 አስቈጠሩ። በሁለተኛው ተራ የምዕራብ ሕንድ ሰዎች 284 ስላስቈጠሩ ለአውስትራልያ 233 ቀራቸው። በመጨረሻው ቀን በ92 ሩጫ ስድስት ሰው ወጣባቸው፤ በሜዳውም የነበረው ተመልካች ጥቂት ሺህ ብቻ ነበረ። ነገር ግን አለቃቸው ሪቺ ቤኖና ባልንጀራው አለን ዴቪድሰን 134 ሩጫ ጨመሩና ነገሩ ተገለበጠ። በመጨረሻ ስምንት ውርወራ ብቻ ቀረ። አውስትራልያውያን ለማሸነፍ ስድስት ሩጫ ይፈልጋሉ፤ ያልወጡላቸውም ሰዎች ነበሩ።

ወርዋሪው ዌስ ሆል የሚባል ብርቱ ወጣት ነበረ። በሁለተኛው ውርወራ ቤኖ የመታውን አሌክሳንደር ያዘው፤ አስቀድሞ አለቃ የነበረው ሰው የባላጋራውን አለቃ አወጣ። በአምስተኛው ሆል ራሱ ወደ ሰማይ የወጣውን ኳስ ሊይዝ ከባልንጀራው ጋራ ተጋጨና ጣለው። በስድስተኛው አውስትራልያውያን ሁለት ሮጠው ቍጥሩ እኩል ሆነ፤ ሦስተኛውን ሲሮጡ ኮንራድ ሀንት ከሜዳው ዳር የወረወረው ኳስ ለአሌክሳንደር እጅ ደረሰና አንዱ መቺ ወጣ። ዎረል በዚህ ጭንቀት መካከል ሳይናወጥ ወደ ሆል ቀርቦ የወርዋሪውን መስመር እንዳያልፍ ብቻ አስጠነቀቀው፤ መስመር ያለፈ እንደ ሆነ ለባላጋራ አንድ ይጨመራልና። በሰባተኛውም ውርወራ ጆ ሰሎሞን ከጐን ቆሞ አንድ ችካል ብቻ እያየ ኳሱን ወረወረ፤ ችካሉንም መታው፤ የመጨረሻው ሰው ወጣ። የሁለቱም ወገን ድምር 737 ለ 737 ሆነ። ቴስት ከተጀመረ ወዲህ በዚህ ዓይነት እኩል ሆኖ የተፈጸመ ግጥሚያ አልነበረም። ከተጫዋቾቹ እንኳ አንዳንዶቹ ማን እንዳሸነፈ ለጥቂት ጊዜ አላወቁም ነበር።

ከዚህ ቀን በኋላ የአውስትራልያ ሕዝብ ሌላ ነገር መናገር ትቶ ስለ ጨዋታው ብቻ የሚናገር መሰለ። በሁለተኛው ቴስት በሜልቦርን ከተማ ጆ ሰሎሞን ሲመታ ቆቡ ከራሱ ወድቆ ችካሉን ነካ፤ ቤኖም በሕጉ መሠረት ፍርድ ጠየቀ፥ ዳኛውም አወጣው። ሕጉ እንዲህ ነበረ፤ ተመልካቾቹ ግን በገዛ አገራቸው አለቃ ላይ ጮኹበት፤ ለእንግዳው አዝነው ነበርና። በአራተኛው ቴስት በአዴሌድ የምዕራብ ሕንድ ሰዎች ድል ሊያደርጉ አንድ ሰው ብቻ በቀራቸው ጊዜ ጋርፊልድ ሶበርስ ኳስ ያዝሁ ብሎ ቢያምንም ዳኛው አልፈቀደም። ዎረልና ጭፍራው ፍርዱን ተቀብለው ወደየስፍራቸው ተመለሱ፤ ሁለቱም መቺዎች 100 ደቂቃ ያህል ታግለው ግጥሚያውን ያለ ድል አስፈጸሙት። የአምስቱም ግጥሚያ ፍጻሜ በፌብሩዋሪ 1961 እንደ ገና በሜልቦርን ሆነ፤ በአንድ ቀንም 90,800 ሰው ገብቶ ተመለከተ። አውስትራልያውያን በጭንቅ አሸነፉ፤ ድምሩም 2 ለ 1 ሆነ።

እንግዲህ ዎረል ተሸንፎ ነበር። ነገር ግን የምዕራብ ሕንድ ሰዎች ሊሄዱ በተነሡ ጊዜ የሜልቦርን ሕዝብ ለእነርሱ የስንብት ሰልፍ አደረገላቸው። በግልጥ ሠረገላ ተቀምጠው በከተማው ሲያልፉ ግማሽ ሚሊዮን ያህል ሰው በመንገዱ ግራና ቀኝ ቆሞ በእልልታ ሸኛቸው። ይህ የሆነው አውስትራልያ ነጭ ያልሆኑ ሰዎች ገብተው እንዳይቀመጡ በሕግ በምትከለክልበት ዘመን ነበረ። የአውስትራልያም የክሪኬት ሹማምንት ሁለቱ አገሮች በተጋጠሙ ቍጥር የሚሰጥ ዋንጫ አሠርተው የፍራንክ ዎረል ዋንጫ ብለው ሰየሙት፤ ከዋንጫውም ላይ በብሪዝበን የተጫወቱበት ኳስ ተደረገበት።

በማርች 1962 ሕንዶች ወደ ባርቤዶስ መጥተው ሲጫወቱ አለቃቸው ናሪ ኮንትራክተር በብርቱ የተወረወረ ኳስ ራሱን መታው። የራስ ቅሉ ተሰብሮ በሞትና በሕይወት መካከል ሆነ፤ ሐኪሞቹም ደም ፈለጉለት። ደማቸውን ከሰጡት ሰዎች አንዱ ዎረል ነበረ። በሜዳ ባላጋራው የሆነውን ሰው በሐኪም ቤት ወንድሙ አደረገው። ኮንትራክተርም ከሞት ዳነ። ይህን ነገር ሕንዶች አልረሱትም፤ በቤንጋል አውራጃ ከ1981 ጀምሮ በየዓመቱ ፌብሩዋሪ 3 ቀን በዎረል ስም ሰዎች ለበሽተኞች ደም የሚሰጡበት ቀን ሆኗል።

በ1963 ዎረል ለመጨረሻ ጊዜ ጭፍራውን ይዞ ወደ እንግሊዝ ሄደ። በሎርድስ በተደረገው ግጥሚያ ለእንግሊዞች ስድስት ሩጫ፥ ለምዕራብ ሕንዶች አንድ ሰው ሲቀር ጊዜው አለቀ፤ ኮሊን ካውድሪ የሚባለው እንግሊዛዊም የተሰበረ ክንዱን ታስሮ ወደ ሜዳ ገብቶ ነበር። በመላው ዘመቻ ግን የዎረል ወገን 3 ለ 1 አሸነፈ። ከዚህ በኋላ አለቃነቱን በገዛ ፈቃዱ ለሶበርስ ለቀቀ። ሹመቱን ሲጠብቅ እንዳልቸኰለ ሲለቅም አላመነታም። በአለቃነቱ 15 ቴስት መርቶ 9 አሸነፈ፥ 3 ተሸነፈ፥ 2 ያለ ድል፥ 1 እኩል ሆነ። በተጫዋችነቱ ደግሞ በ51 ቴስት 3,860 ሩጫ አስቈጥሮ 69 ሰው አውጥቷል። በ1964 የእንግሊዝ ንግሥት ሰር የሚባለውን ማዕረግ ሰጠችው።

ከጨዋታ ከተለየ በኋላ በምዕራብ ሕንድ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች ጠባቂ ሆኖ በጃማይካ፥ ኋላም በትሪኒዳድ አገለገለ፤ በጃማይካም የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል ነበረ። አሳቡ ሁሉ ደሴቶቹ አንድ ልብ እንዲኖራቸው ነበረ። በ1958 ደሴቶቹ በአንድ መንግሥት ተባብረው ነበር፤ ነገር ግን በ1962 ኅብረቱ ፈረሰ። ዎረል ያቀናው የክሪኬት ጭፍራ ግን ከደሴቶቹ ሁሉ እየተሰበሰበ መጫወቱን አልተወም። ሹማምንት በወረቀት ያላጸኑትን አንድነት ተመልካቹ በልቡ ጠበቀው።

በማርች 13 ቀን 1967 ዎረል በደም ነቀርሳ ታሞ በጃማይካ በ42 ዓመቱ ሞተ። በተወለደበት በባርቤዶስ ተቀበረ፤ ሦስቱ ደብልዩዎች የተባሉት ዎልኮትና ዊክስም ዘመናቸው ሲፈጸም፥ አንዱ በ2006፥ ሁለተኛው በ2020፥ በእርሱ አጠገብ ዐረፉ። በሎንዶን በዌስትሚንስተር ቤተ ክርስቲያን ጸሎተ መታሰቢያ ተደረገለት፤ በዚያ ስፍራ እንዲህ ያለ ክብር ያገኘ የመጀመሪያው የስፖርት ሰው እርሱ ነው። አንድ ጊዜ ትዕቢተኛ ተብሎ የታማባት ባርቤዶስም ከ2013 ጀምሮ መልኩን በአምስት ዶላር የገንዘብ ወረቀቷ ላይ አትማለች።

አንባቢ ሆይ፥ ከዚህ ታሪክ ለተጫዋችም ለተመልካችም የሚሆን ትምህርት ይገኛል። የሚጫወት ሰው ሐሜት ሲሰማ በሥራው መልስ ይስጥ፤ ሲዘገይበት ይማር፤ ሲሾም ያስታርቅ፤ ሲሸነፍ የዳኛውን ፍርድ ይቀበል፤ የወደቀውን ባላጋራውንም ያንሣ። የሚመለከት ሰው ደግሞ አንደበቱን ይመርምር። የፖርት ኦፍ ስፔን ሕዝብ ለሚወደው ወገን ሲል ጠርሙስ ወረወረ፤ ያ ጠርሙስ ለማንም አልጠቀመም። የጋዜጣው ጸሐፊ ግን ስለ ተገፋው ሰው በምክንያት ተከራከረ፤ የሜልቦርንም ሕዝብ የገዛ ወገኑ አሸንፎ ሳለ ለተሸነፈው እንግዳ ክብር ሰጠ። ስለ ተጫዋች መናገር ቀላል ነው፤ በእውነት መናገር ግን ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ስለዚህ ማንም ሰው በሜዳ ዳር ቆሞ በሌላው ላይ ከመፍረዱ አስቀድሞ ቃሉ የሚሠራ ወይም የሚያፈርስ መሆኑን ይመዝን።